ሦስት ብርጭቆ ጭማቂ በቀን

ጥያቄ፦ እናቴ 73 ዓመታቸው ሲሆን የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት ይወስዳሉ። የፍራፍሬ ጭማቂ አንቲኦክሲደንት (የሰውነት ሴሎችን ከጉዳት ይከላከላል የሚባል ንጥረ ነገር) ስላለው እርጅናን ያዘገያል ሲባል ከሰሙ ወዲህ በቀን ሦስት ብርጭቆ ይጠጣሉ፤ ፍሬውን ልብላ ቢሉ ደግሞ ጥርሳቸው አይችልም። ልከልክላቸው?

መልስ፦ አይከልክሏቸው፤ መጠኑን ግን ያስቀንሷቸው። ጭማቂ ከተጠጣ በኋላ ደም ሲመረመር የአንቲኦክሲደንት አቅሙ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ማስታወቂያዎች የሚያራግቡትም ይህንኑ ነው። ነገር ግን የጭማሪው ከፊል ምንጭ ጉበት የፍራፍሬውን ስኳር፣ ማለትም ፍሩክቶስን፣ ሲፈጭ የሚፈጠረው ዩሪክ አሲድ ነው፤ እሱም ሲበዛ ሪህ የሚያስነሳው ያው ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ የምርመራው ቁጥር መጨመሩ ብቻውን የጤና ማስረጃ አይሆንም። ቫይታሚን ሲን በተመለከተ፣ በቀን 200 ሚሊግራም ገደማ ከተገኘ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከዚያ በላይ እምብዛም አይጨምርም፤ ትርፉ በሽንት ይወገዳል። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም ስለሚይዝ፣ ከሌላው ምግብ ጋር ሲደመር ሦስተኛው ብርጭቆ የሚያተርፈው ስኳር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ብርጭቆ 20 ግራም ያህል፣ በሦስቱ 60 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የጭማቂን ስኳር ሻይ ላይ ከሚጨመረው ለይቶ አያየውም፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የሚፈቅደው ጣሪያም 50 ግራም ገደማ ነው።

ጥርስ ላስቸገረው ሰው በደንብ የበሰለ ለስላሳ ፍሬ በሹካ ፈጭቶ መስጠት ወይም ሳያጠልሉ መምታት ይሻላል፤ ማጥለያው ላይ ቀርቶ የሚጣለው ዝቃጭ በዚህ ዕድሜ ለሚያስቸግረው የሆድ ድርቀት የሚበጀው አሰር ነውና። ጭማቂው ካልቀረ ከምግብ ጋር 150 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ከስኳሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መድኃኒቱ ነው። የግሬፕፍሩት (የብርቱካን ዘር የሆነ፣ መረር የሚል ፍሬ) ጭማቂ አንዳንድ መድኃኒቶችን አንጀት ውስጥ የሚሰባብረውን ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ እንደ ሲምቫስታቲን ያለ የኮሌስትሮል ወይም እንደ ፌሎዲፒን ያለ የግፊት መድኃኒት በደም ውስጥ ከታሰበው በላይ እንዲከማች ያደርጋል። አንድ ብርጭቆ ብቻ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከ24 ሰዓት በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ክኒኑን ጠዋት ወስዶ ጭማቂውን ማታ መጠጣት መፍትሔ አይሆንም። የብርቱካን ጭማቂም ፖታሲየም ስለሚበዛበት፣ ኩላሊታቸው ከደከመ ወይም የሚወስዱት የግፊት መድኃኒት ፖታሲየም ከሰውነት እንዳይወጣ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። የመድኃኒቶቹን ስም ይዘው ሐኪማቸውን ወይም ፋርማሲስቱን ያነጋግሩ፤ እስከዚያው ድረስ ግሬፕፍሩት አይስጧቸው።