ለውኃ ውስጥ ፍለጋ የትኛውን ዲቴክተር ልግዛ?

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያ ደረጃ የዳይቪንግ ሰርተፍኬት አለኝ፤ እስካሁን 12 ጊዜ ጠልቄያለሁ። ስመረቅ ቢሮ መግባት አልፈልግም። በእጅ የሚያዝ ሜታል ዲቴክተር ገዝቼ ከባሕር ሥር የጠፋ ሀብት እየፈለግኩ መኖር ነው ሐሳቤ። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ለአንድ ደህና መሣሪያ ይበቃል። የትኛውን ልግዛ? ያገለገለ ብገዛስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቅከኝ ስለ መሣሪያው ነው። ግን መጀመሪያ ስለ ሥራው እናውራ። ምን እንደምትፈልግ ሳይታወቅ በምን እንደምትፈልግ መምረጥ አይቻልም።

በልብህ ያለው የሰመጠ መርከብ ወርቅ ከሆነ፣ የእንጀራ ገመድህን በእሱ ላይ እንዳታስር እለምንሃለሁ። አሜሪካዊው ሜል ፊሸር በ1622 እ.ኤ.አ. የሰመጠችውን አቶቻ የተባለች የስፔን መርከብ ሲፈልግ 16 ዓመት ፈጅቶበታል። ዋናውን ሀብት ያገኘው በ1985 ነው። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ልጁ፣ ምራቱና አንድ ጠላቂ የፍለጋ ጀልባቸው ተገልብጦ ሞተውበታል። ማግኘትም ብቻውን አይበቃም። ኦዲሲ የተባለው ኩባንያ በ2007 ወደ 17 ቶን የሚጠጋ ሳንቲም ከአንዲት የሰመጠች መርከብ፣ ከአትላንቲክ ወለል አወጣ። ስፔን መርከቧ የእኔ ናት ብላ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተከራክራ ረታች። በ2012 ሳንቲሙ ሁሉ ወደ ስፔን ተጫነ። እነዚህ ሰዎች መርከብ፣ ጠበቃና ባለሀብት ከጀርባቸው ነበራቸው። አንተ ያለህ አንድ ዲቴክተር ነው።

ሥራ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ሲዋኝ የጋብቻ ቀለበቱ የወለቀበት ሰው አለ። ሞተሩ ከጀልባው ተነቅሎ የሰመጠበት ባለ ጀልባ አለ። ወንዝ ውስጥ የተጣለ ማስረጃ የሚፈልግ ፖሊስ አለ። ሁሉም ጠላቂ ይፈልጋሉ። ለጀማሪ በጣም የምወደው የቀለበት ፍለጋውን ነው። ቦታው በግምት ይታወቃል፣ ውኃው ብዙ ጊዜ ጥልቅ አይደለም፣ ባለቤቱም ዳር ቆሞ ይጠብቅሃል። ያንን ቀለበት በእጁ ስታስቀምጥለት የሚሰማህን ደስታ በቃላት መግለጽ ይከብደኛል። ከዚያ ወደ ኢንዱስትሪ ዳይቪንግ ወይም ወደ ውኃ ውስጥ አርኪዮሎጂ ማደግ ይቻላል፤ ለሁለቱም ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ገንዘብህን ሁሉ መሣሪያው ላይ አታውለው። ፓዲን የመሳሰሉ የዳይቪንግ ማሠልጠኛ ድርጅቶች የፍለጋና የማውጣት ኮርስ ይሰጣሉ። በኮምፓስ መስመር ጠብቆ መዋኘትን፣ ወለሉን ሳይዘሉ ማሰስን፣ ከባድ ዕቃ በአየር በሚሞላ ከረጢት ማንሳትን ትማርበታለህ። ዲቴክተር የሚሰማው ያለፍክበትን ቦታ ብቻ ነው። አንድ ሜትር ከዘለልክ ቀለበቱ እዚያች አንድ ሜትር ውስጥ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ መሣሪያው። መጀመሪያ የምትጠልቅበት ውኃ ጨዋማ ነው ወይ? ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራው የተለመደው ቪኤልኤፍ ዲቴክተር ጨዉን ራሱን እንደ ብረታ ብረት ይቆጥረውና በከንቱ ይጮሃል። ሐይቅና ወንዝ ላይ ግን ጎበዝ ነው። ለባሕር ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለውን እመርጥልሃለሁ። አጭርና ጠንካራ የኤሌክትሪክ ምት በኮይሉ (ጫፉ ላይ ባለው የሽቦ ጥቅል) ይልካል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከጨዉ የሚመለሰው ቶሎ ይጠፋል፣ ከቀለበቱ የሚመለሰው ትንሽ ይቆያል። መሣሪያው የሚይዘው ያንን የቆየውን ነው። ችግሩ ወርቅን ከዛገ ምስማር በደንብ አለመለየቱ ነው። ምስማር እየቆፈርክ አየርህን የምትጨርስባቸው ቀናት ይኖራሉ፤ ይህን ከወዲሁ እወቀው። እንደ ሚንላብ ኤክስካሊበር ያሉ በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩ መሣሪያዎች ጨዉንም ይችላሉ፣ የብረታ ብረቱን ዓይነትም ይለያሉ። ግን ረዘም ያሉና ውድ ናቸው። 12 ጊዜ ለጠለቀ ሰው አይቸኮልባቸውም።

“ውኃ አያስገባም” የሚለው ጽሑፍ እንዳያታልልህ። እስከ ስንት ሜትር? በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል። የጋሬት ፕሮ ፖይንተር ኤቲ የተሠራው እስከ 6 ሜትር ነው፤ የሚንላብ ኢኩዊኖክስ 800 ደግሞ እስከ 3 ሜትር። ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፣ ግን ለዳር ውኃ ነው የሚሆኑት። ያንተ ሰርተፍኬት እስከ 18 ሜትር ይፈቅዳል። እንደ ኖክታ ፐልስዳይቭ ያለ እስከ 60 ሜትር የሚችል አጭር መሣሪያ ብትይዝ ውኃ የሚያግድለት ጎማ ሳይጨነቅ ትሠራለህ። በአንድ እጅ ይያዛል፣ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥም ይገባል። ኮይሉ ትንሽ ስለሆነ ግን ቀለበት የሚያገኝልህ ከአንድ ስንዝር ባነሰ ጥልቀት ነው። ሰፊ ወለል ለማሰስም ጊዜ ይፈጃል።

ንዝረት የሌለውን አትግዛ። ውኃ ውስጥ የራስህ ትንፋሽና አረፋ ጆሮህን ይሞሉታል፤ እጅህ ላይ የሚሰማህ ንዝረት ግን አያመልጥህም። ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ አለው ቢሉህም አትቁጠረው። ብሉቱዝ ውኃ ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር እንኳ በቅጡ አይሄድም። ቢላህንና የብረት መቆለፊያዎችህንም ከኮይሉ አርቅ። እኔ አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጭኔ ላይ የታሰረውን ቢላ ስከተል ነበር፤ ያ ሁሉ አየር በከንቱ አለቀ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዲቴክተር የያዘ ሰው ዓይኑ ወለሉ ላይ ይቀራል። የአየር መለኪያውን ይረሳል፣ ከጓደኛው ይለያል። መጀመሪያ ባዶ እጅህን ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብለህ፣ ጭቃውን ሳታደፈርስ መንሳፈፍን ተለማመድ። ያንን ሳታስበው ስታደርገው መሣሪያውን ያዝ።

ቦታውንም ሳትጠይቅ አትቆፍር። የዩኔስኮ የ2001 ስምምነት ቢያንስ 100 ዓመት ውኃ ውስጥ የቆየ የሰው ልጅ አሻራን ይጠብቃል። ለንግድ መቸብቸብንም ይከለክላል። ስምምነቱን ያልተቀበሉ ብዙ አገሮችም የራሳቸው ሕግ አላቸው። ፈንጂ የሚመስል ነገር ካየህ አትንካው፤ ቦታውን ለይተህ ውጣና ለባለሥልጣን ተናገር።

ያገለገለ መግዛት ይቻላል። የባትሪ ክዳኑን ከፍተህ እይ፤ አረንጓዴ ዝገት ካለ ጨው ገብቶበታል ማለት ነው። ክዳኑን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት መሰንጠቅ ወይም መጠፍጠፍ የለበትም። አንዲት ፀጉር ወይም አሸዋ ጎማው ላይ ካለች ውኃ ታስገባለች። ባልዲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆየውና ከመስታወቱ ጀርባ እንፋሎት መኖሩን ተመልከት። ባልዲ ውስጥ የተረፈ ግን 15 ሜትር ላይ ሊያፈስ ይችላል፤ ስለዚህ የጎማ ቀለበቱን ቀይርና ሲሊኮን ቅባት ቀባው። መለዋወጫ ጎማው ገበያ ላይ የማይገኝ ከሆነ ያንን መሣሪያ ተወውና ሌላ ፈልግ።