በመደብር መኪና ማቆሚያ ለማደር ፈቃዱ የማን ነው?

በአሜሪካ በካምፐር (መኝታና ማብሰያ ባለው የጉዞ መኪና) ሲጓዙ በትልልቅ መደብሮች መኪና ማቆሚያ ማደር ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቀዋል። ለዓመታት በዚህ መንገድ ስለተጓዝኩ የማውቀውን ልንገርዎ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን የሚወስነው የድርጅቱ ስም ሳይሆን የሚያድሩበት ቦታ ነው።

ትልቁ የመደብር ድርጅት ዋልማርት ራሱ እንደሚገልጸው፣ ፈቃዱን የሚሰጠው የየመደብሩ ሥራ አስኪያጅ ሲሆን እሱም የቦታውን ስፋትና የአካባቢውን ሕግ ያያል። ስለዚህ ሌላ ተጓዥ በሰላም ያደረበት መደብር እርስዎን ሊከለክል ይችላል። በዚያው ቀን፣ ገና ሳይመሽ ደውለው ተረኛውን ኃላፊ ያነጋግሩ፤ ማደር ይፈቀድ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ማቆሚያው የማን እንደሆነም ይጠይቁ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። መደብሩ ተከራይ በሆነበት የገበያ ማዕከል፣ ማቆሚያውን የሚቆጣጠረው ባለንብረቱ ስለሚሆን፣ ሥራ አስኪያጁ በቅንነት ቢፈቅድልዎትም እንኳ ጎታች መኪና ሊመጣብዎት ይችላል። ከተማው በመኪና ውስጥ ማደርን በሕግ ከከለከለም የመደብሩ ፈቃድ አያድንዎትም።

ከተፈቀደልዎ ከመግቢያው ርቀው፣ ነገር ግን የጭነት መኪናዎች ሌሊቱን ዕቃ ከሚያራግፉበት ጎንም ሳይሆኑ ይቁሙ። የካምፐሩን ተዘርጊ ክፍል፣ ዳሱንና ወንበሮችን አያውጡ፤ የተፈቀደልዎ እንቅልፍ እንጂ ሰፈራ አይደለም። ካምፐሩ እንዳያዘነብል ወደ መሬት የሚወርዱትን ማመጣጠኛ እግሮችም አያውርዱ፣ በሙቀት የላላ አስፋልት ላይ ጉድጓድ ይተዋሉና። የዕቃ ማጠቢያ ውኃ እንኳ ቢሆን መሬት ላይ ማፍሰስ ነውር ነው፤ እንዲህ ያለው ድርጊት በኋላ የሚመጣውን ተጓዥ ሁሉ በር ይዘጋበታል።

ጄኔሬተርን በተመለከተ አጥብቄ የምለምንዎት ነገር አለ። ከጭሱ ጋር የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፤ ካምፐሮች ተጠጋግተው ሲቆሙ የጎረቤት ጭስ በመስኮት ሊገባ ስለሚችል፣ የእርስዎ ጄኔሬተር ቢጠፋም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያው መሥራቱን ሳያረጋግጡ አይተኙ።

የመኪናውን ፊት ወደ መውጫው አዙረው፣ ወደ መሪው የሚወስደውንም መተላለፊያ ክፍት አድርገው ይደሩ፤ ቦታው ካላማረዎት ምንም ምክንያት ሳይፈልጉ ተነሥተው ይሂዱ። እምቢ ከተባሉ ደግሞ አይከራከሩ፤ በአቅራቢያ የት ማደር እንደሚቻል ቢጠይቁ ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ ያመለክታሉ፤ ካልሆነም በአውራ ጎዳና ዳር ባሉ የጭነት መኪና ማረፊያዎች መጠየቅ ይቻላል።