የሰው ትጥቅ ለብሼ በር ልቁም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ካልጋሪ ነው። መጋዘን አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች እሑድ ማታ የበረዶ ሆኪ ይጫወታሉ። በረኛቸው ወደ ቫንኩቨር ተዛወረና «አንተ እኮ አገርህ በረኛ ነበርክ፣ ና ግባ» ብለው ያዙኝ። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ እያለሁ በሰፈር ቡድን በር እቆም ነበር። ስኬቲንግም ከልጆቼ ጋር ተምሬያለሁ። የሄደው ልጅ ሙሉ ትጥቁን በ700 ዶላር ልተውልህ ይለኛል። ችግሩ እሱ 1 ሜትር ከ90 ነው፤ እኔ 1 ሜትር ከ72። «ለመዝናኛ ነው፣ ደግሞ ሰፋ ሲል የበለጠ ይከላከላል» ይላል። ልግዛው? ለመሆኑ በ39 ዓመቴ አይረፍድም?
(በረኛው፣ ከካልጋሪ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። አይረፍድም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2020 ቶሮንቶ ውስጥ ዴቪድ አይረስ የሚባል የ42 ዓመት ሰው ሳያስበው በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ለሚጫወተው ካሮላይና ሃሪኬንስ በር ቆሟል። የቡድኑ ሁለቱም በረኞች በአንድ ምሽት ተጎድተው ነው። ሰውየው የሪንኩን በረዶ የሚያስተካክለውን መኪና ሲነዳ የኖረ ነው። ከተተኮሱበት 10 ፓኮች (ፓክ የሆኪው ጠፍጣፋ «ኳስ» ነው) 8ቱን አዳነ፤ ቡድኑም ሜፕል ሊፍስን 6 ለ 3 አሸነፈ። ማሊያውን አውሰውት ነው እንጂ ትጥቁ የራሱ ነበር።

ወደ ትጥቁ እንምጣ። ልጁ ዋጋ አልቆለለብህም። የላይኛው ደረጃ አዲስ የእግር ፓድ ብቻውን ከ2,000 የካናዳ ዶላር ያልፋል። ቢሆንም ሙሉውን አትግዛው። «ሰፋ ሲል ይከላከላል» የሚለውን ደግሞ እርሳው። እኔ ሱቅ ውስጥ ይህንኑ ትጥቅ ለሰው ስለካ ነው የምውለው፤ ይህን አባባል የማልሰማበት ሳምንት የለም። ሰፊ ትጥቅ ሰውነትህ ላይ ይዞራል። ሲዞር ደግሞ ባዶ ቦታ ይተዋል። ፓክ ጎማ ነው ሲሉህ አትዘናጋ። ከ156 እስከ 170 ግራም የሚመዝን ጠጣር ነገር ነው። በትልልቅ ውድድሮች እንዳይነጥር ብለው በቅዝቃዜ ያቆዩታል። ጓንቱና እጅጌው መሀል ባዶ አንጓ ካገኘ ሰኞ መጋዘን ገብተህ ካርቶን አታነሳም።

አንድ ነገር ልብ በል። እግር ኳስ ላይ የበረኛ ሥራ መዝለልና መወርወር ነው። በሩ 7 ሜትር ከ32 ይሰፋልና። የሆኪው በር ወርዱ 1 ሜትር ከ83፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ22 ብቻ ነው። እዚህ የምትሠራው በጉልበትህ ነው። ሁለቱንም ጉልበት በረዶው ላይ ጥለህ ቅልጥሞችህን ወደ ግራና ቀኝ ትዘረጋለህ፤ ቢራቢሮ ይሉታል። አንድ ማታ ስንቴ ወርደህ ስንቴ እንደምትነሳ ስታየው ይገባሃል። ስለዚህ ትጥቁን ቆመህ መስታወት ፊት አትለካው። ሱቁ ወለል ላይ ተንበርከክ። የሚያይህ ቢስቅ ይሳቅ።

ዋናው ፓዱ ነው። ፓዱ ላይ 34+1 ወይም 33+1 የሚል ቁጥር ታያለህ። የመጀመሪያው ርዝመቱ በኢንች ነው፤ ከመደመሪያው በኋላ ያለው ከጉልበት በላይ ጭን ላይ የሚጨመረው ነው። ሰው ቁመቱን ነግሮኝ «ስንት ልውሰድ?» ሲለኝ መልስ የለኝም። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ቅልጥመ ረጅም፣ ሌላው ወገበ ረጅም ይሆናል። የሚለካው እንዲህ ነው። ስኬትህን አጥብቀህ እሰር። ወንበር ላይ ተቀመጥና ጉልበትህን 90 ዲግሪ እጠፍ። ሜትሩን ስኬቱ ፊት ለፊት ከሚታጠፍበት ቦታ አንስተህ እስከ ጉልበትህ ሎሚ መሀል ዘርጋው። በዚያ ቁጥር ወደ ኩባንያው ሠንጠረዥ ትሄዳለህ። ባወር፣ ሲሲኤምና ቮን የየራሳቸው ሠንጠረዥ ስላላቸው የአንዱ 34 ከሌላው 34 ጋር እኩል ነው ብለህ አትመን።

ከዚያ ፓዱን ታስረህ ውረድ። ፓዱ ከውስጥ በኩል ጉልበትህ የሚያርፍበት ወፍራም ትራስ አለው። የጉልበትህ ሎሚ እዚያ ትራስ መሀል ላይ ማረፍ አለበት። ከመሀሉ በታች ካረፈ ፓዱ ረዝሞብሃል። የ1 ሜትር ከ90ውን ሰው ፓድ ብታስር የሚገጥምህ ይኼው ነው። የሁለቱ ፓዶች ጫፍ ጭንህ ላይ ይጋጫል፤ ጉልበትህ አይገጥምም፤ ስትነሳ እግርህ ይጎተታል። ካጠረ ደግሞ በሁለቱ ጭኖችህ መሀል መስኮት ይከፈታል። ተኳሾቹ ያችን ቦታ ያውቋታል። ኤንኤችኤል ራሱ የፓድ ወርድ ከ11 ኢንች እንዳይበልጥ ሲል፣ ቁመቱን ግን ለሁሉም አንድ አላደረገውም፤ ከየበረኛው ከራሱ የእግር ልኬት ጋር አስሮታል። ደግሞ ስትወርድ ከጉልበትህ በላይ ያለው ቦታ ለተኳሹ ፊት ለፊት ይጋለጣል። ከፓዱ ሥር የሚታሰር የጉልበት መከላከያ ለዚያ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ይዘለዋል።

ስኬቱን አትግዛው። በሰው እግር ቅርጽ የተበጀ ስኬት አንተን አይሆንህም። የበረኛ ስኬት ምላጩ ከተጫዋቹ የበለጠ ጠፍጣፋ ነው፤ ጎን ለጎን ስትገፋ ያጸናሃል። ቁጥሩ ከጫማህ በአንድ ወይም በአንድ ተኩል ያንሳል። በቀጭን ካልሲ አድርገው። ቀጥ ብለህ ስትቆም አውራ ጣትህ ጫፉን ነካ ያደርገው፤ ጉልበትህን ስታጥፍ ይለቀው። ተረከዝህ ከተነሳ መልሰው። አዲስ ስኬት ሱቅ ውስጥ በምድጃ አሙቀው በእግርህ ቅርጽ ያበጁልሃል፤ ሲለኩልህ ጠይቃቸው።

ማስኩንም አትግዛው። እዚህ ላይ አልደራደርም። በረኛው ዣክ ፕላንት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1959 ኒው ዮርክ ላይ ተጋጣሚው አንዲ ባትጌት የመታው ፓክ ፊቱን ተርትሮት፣ ተሰፍቶ ሲመለስ ማስክ አድርጎ ነው የገባው። ከዚያ በፊት ኤንኤችኤል ውስጥ በረኞች በአብዛኛው ፊታቸውን ገልጠው ይቆሙ ነበር። ያገለገለ ማስክ ላይ ከቀለሙ ሥር ያለ ስንጥቅ አይታይህም። አዲሱን ስትለካ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አጥብቀህ ፍርግርጉን በእጅህ ያዝና ግራ ቀኝ አንቀሳቅሰው። የግንባርህ ቆዳ አብሮ መሄድ አለበት። ማስኩ ብቻውን ከሄደ ሰፍቷል። አገጭህ ማረፊያው ላይ በደንብ ይቀመጥ። የካናዳውን የደህንነት ምልክት፣ ሲኤስኤ የሚለውን ተለጣፊ ፈልግ። የድመት ዓይን የሚሉት ሰፋ ያለ ክፍት ያለው ፍርግርግ ያምራል፤ ብዙው ግን ያንን ምልክት አያገኝም፤ የዱላ ጫፍ ያሾልካል።

ስለ አንገት አጭር ነገር። ከማስኩ ሥር የሚንጠለጠለው ጠንካራ ላስቲክ ለፓክ ነው፤ አንገት ላይ የሚጠመጠመው ደግሞ ለምላጭ። ሁለቱንም አድርግ። ክሊንት ማላርቹክ የቡፋሎ በረኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በማርች 1989 የሌላ ተጫዋች ስኬት አንገቱን ቆርጦት ለጥቂት ነው የተረፈው።

ታዲያ ከልጁ ምን ትወስዳለህ? ጓንቶቹን! እኔ ዓይኔ ያረፈው እዚያ ነው። አዲስ መቅለቢያ ጓንት ድርቅ ያለ ነው፤ እስኪላላ እጅህ ይዝላል። ያገለገለው በአንድ መጭመቅ ይዘጋል። የቴኒስ ኳስ ወርውርበትና ያለ ሁለተኛ እጅ እርዳታ ያዛት። ያዝካት? ግዛው። መዳፉ ግን ሳስቶ እንደሆነ በጣትህ ዳስሰው፤ ጨርቁ ካለቀ ፓኩ አጥንትህ ላይ ነው የሚያርፍ። ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ የሚቀልበው በግራ ነው በቀኝ? ብዙው በረኛ በግራ ቀልቦ በቀኝ ዱላ ይይዛል። እሱ ተቃራኒው ከሆነ መቅለቢያ ጓንቱም መመለሻውም (ዱላ በሚይዘው እጅ የሚደረገው ጓንት) ዱላውም ላንተ አይሆኑም።

ሱሪውን ወገብህ ከያዘው ወይም በማንገቻ ከተስተካከለ ውሰደው። ዱላው ላይ 25፣ 26፣ 27 የሚል ቁጥር አለ፤ የሰፊው ክፍል ርዝመት በኢንች ነው። ጎንበስ ብለህ ዱላውን ያዝ። የዱላው የታችኛው ጠፍጣፋ ጫፍ ወለሉ ላይ ለጥ ካላለና ክርንህ ወደ ላይ ከተሰቀለ ረዝሟል። የረጅም ሰው ዱላ ስለሆነ እንደሚረዝምብህ እገምታለሁ። የደረቱን ተወው፤ እጅጌው ጓንትህ ውስጥ ተጨማዶ ይገባና እጅህን ይገፋዋል። የብልት መከላከያውን ደግሞ አዲስ ግዛ። ምክንያቱን አላብራራም።

እንግዲህ ለጓንቶቹና ለሱሪው ብቻ ዋጋ ንገረው። «ሙሉውን ካልወሰድክ አልሸጥም» ካለህ እንደ ልብስ ተራ ነጋዴ ፊትህን አዙረህ ሂድ፤ መልሶ ይደውላል። የበረኛ ትጥቅ ገዢው ጥቂት ነው። የተረፈህን ገንዘብ ማስክና ስኬት ላይ አውለው። ብዙ የመዝናኛ ቡድን ደግሞ በረኛውን የሪንክ ኪራይ አያስከፍለውም። ይህን ነግረውህ ይሆን? ካልነገሩህ ከመግባትህ በፊት አንሳው።

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጄ በረኛ ልሁን ብሎ አስጨነቀኝ። በየዓመቱ መግዛት አልችልም። እንደ ዩኒፎርም ሰፋ አድርጌ ልግዛለትና ያድግበት?
(እናት፣ ከኤድመንተን)

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ዩኒፎርም ቢሰፋ እጅጌው ይታጠፋል፤ ፓድ አይታጠፍም። ልጁ ስኬቱ ውስጥ እግሩ ከዋኘ ቁርጭምጭሚቱ ይደክምና ጨዋታውን ይጠላዋል። ማስኩ ከሰፋ ደግሞ ፓክ ሲነካው ዞሮ ዓይኑን ይጋርደዋል። እነዚህን ሁለቱን በልኩ ይግዙ። ፓዱ ከጭኑ በኩል አንድ ኢንች ቢተርፍ ግን አይጎዳውም፤ ጉልበቱ ትራሱ መሀል ላይ ማረፉን ይዩለት።

ከመግዛትዎ በፊት ግን የተመዘገበበትን የልጆች ሆኪ ማኅበር «ለበረኞች የምታውሱት ትጥቅ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ካናዳ ውስጥ ብዙዎቹ ለትናንሾቹ ፓድና የደረት መከላከያ ያውሳሉ። እኛ አገር ሰው መጠየቅ ያፍራል። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የትጥቅ ክፍሉ የተከፈተው ለዚሁ ነው። ለምዝገባና ለትጥቅ አቅም ላነሳቸው ቤተሰቦች የካናዲያን ታየር ጃምፕስታርት የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅትም ያግዛል። አንገቱ ላይ የሚጠመጠመው መከላከያ ቢኤንኪው የሚል ምልክት ይኑረው፤ ሆኪ ካናዳ ከልጆች የሚጠይቀው እሱን ነው። እሱን አዲስ ይግዙለት፤ ዋጋው ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው የምኖረው። ከሴቶች ቡድን ጋር በር መቆም ጀምሬያለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ57 ነው። ጉልበቴ ላይ በወረድኩ ቁጥር የደረት መከላከያዬ ሽቅብ ተነስቶ ጉሮሮዬን ይገፋኛል፤ ማስኩንም ያነሳዋል። ምን ላድርግ?
(ትንሿ በረኛ)

መልስ፦ እህቴ፣ የለበስሽው የትልቅ ወንድ ልክ ይመስለኛል። ስትወርጂ ታችኛው ጫፉ ጭንሽን ይመታና መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ያለሽን ሞክሪው። የሱሪውን ማሰሪያ አላልተሽ መከላከያውን ከውስጥ አስገቢው፤ ከዚያ ደግሞ ከውጭ አድርገሽ ውረጂ። በአንዱ ሊስተካከል ይችላል። ሱሪውና መከላከያው አንድ ሁለት ጣት ያህል ቢደራረቡ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ረዝሞብሻል።

ካልሆነ በልጅና በአዋቂ መሀል ያለውን፣ ኢንተርሚዲየት የሚባለውን ልክ ፈልጊ። ዋጋውም ከአዋቂው ይቀንሳል። ከአዋቂው ትንሽ ይሳሳል፤ ለመዝናኛ ሊግ ግን ይበቃሻል። ስትለኪ ማስኩን ይዘሽ ሂጂ። ለብሰሽ፣ ማስኩን አጥልቀሽ፣ ተንበርክከሽ ወደ ታች እግርሽ ሥር ተመልከቺ። አገጭሽ መከላከያውን ሳይነካ ወለሉን ማየት አለብሽ። ቀጥለሽ ሁለቱን እጆችሽን ወደ ፊት ዘርጊ፤ እጅጌው አንጓሽ ድረስ ካልደረሰ ሌላ ልክ አምጡልኝ በይ። ለሴት የተሠራ የዳሌ መከላከያም አለ። ሻጩ የወንዱን ካቀበለሽ መልሺለት።