በሶብላው ለምን ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል?

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ለበርበሬና ለቅቤ ብዬ ጥቅምት ላይ ከሾላ ገበያ በሶብላና ኮሰረት በእስር ገዛሁና በረንዳ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ እጅ ላይ ሲፈረፈር ደርቋል ብዬ ለየብቻ በፕላስቲክ ዕቃ ከደንኩት። ኮሰረቱ ደህና ነው። በሶብላው ግን ጠቁሮ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላውም አበባው መሐል ነጭ ሻጋታ አየሁበት። ምኑ ላይ ነው የተበላሸው? የሻገተውን ለቅሜ ቀሪውን ልጠቀምበት?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ አይጠቀሙበት። ሻጋታ በዐይን የሚታየው ነጩ ብቻ አይደለም፤ ቀሪውንም ነክቶታል። አንዳንዱ ሻጋታ የሚያወጣው መርዝ ደግሞ በማመስም ሆነ በማብሰል አይጠፋም። የበሶብላውን ዕቃ በሙሉ ይድፉት። በርበሬ ውስጥ ከገባ የሚከስሩት አንድ እስር በሶብላ ሳይሆን የዓመት በርበሬ ነው።

በሶብላዎ ላይ የደረሱት ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች ናቸው። መዓዛው የጠፋው በረንዳው ላይ ነው፤ የሻገተው ደግሞ ዕቃው ውስጥ።

መዓዛውን እንይ። አንድ ትኩስ የበሶብላ ቅጠል ገልብጠው ብርሃን ላይ ቢያዩት፣ ወይም በስልክዎ ካሜራ አቅርበው ቢያነሱት፣ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ያገኛሉ። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ዘይት የያዘች ከረጢት ናት፤ ሽፋኗ እጅግ ስስ ነው። ቅጠሉን ሲዳስሱ ጣትዎ ላይ የሚቀረው ሽታ ከፈነዱት ከረጢቶች የወጣው ዘይት ነው። እንግዲህ የማድረቅ ሥራ ውሃውን አስወጥቶ እነዚህን ከረጢቶች ደህና ማቆየት ነው። ውሃው ለመውጣት ደረቅና የሚንቀሳቀስ አየር ይበቃዋል። ዘይቱ ግን ሙቀት ሲያገኝ ይሸሻል፤ እስከ 35፣ ቢበዛ እስከ 40 ዲግሪ ይታገሳል፤ 50 ካለፈ ግን ብዙው በንኖ ይጠፋል። ጥቅምት ላይ የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ነው ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ፀሐይ የመታው የበረንዳ ሲሚንቶና በላዩ የተሰጣው ቅጠል ግን ከአየሩ እጅግ ይበልጥ ይሞቃሉ። ዘይቱ ሲሄድ የሚቀረው የሣሩ ሽታ ብቻ ነው፤ ድርቆሽ ድርቆሽ ያለውም ለዚህ ነው።

መጥቆሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ገና ከገበያ ወደ ቤት ሲመጣ ነው። ባለጉሊቶቹ እንዳይጠወልግ ውሃ ይረጩበታል፤ በዚያ ላይ ፌስታል ውስጥ ታፍኖ በታክሲ ሲጨናነቅ የተቀጠቀጠው ቅጠል መጥቆር ይጀምራል። ከቻሉ በጠዋት፣ ውሃ ያልተረጨበትን ይግዙ፤ በዘንቢል ወይም በጨርቅ ይያዙት፤ ቤት እንደገቡም ሌላ ሥራ ሳይጀምሩ እስሩን ይፍቱ። ሥሩን ይቁረጡ፣ የጠቆረውን ቅጠል ይጣሉ። አፈር ካለው በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ለቅለቅ አድርገው ያራግፉት፤ አይዘፍዝፉት። ከዚያ ንጹሕ አቡጀዲ ላይ በስሱ ዘርግተው ላዩ ላይ ያለው ውሃ እስኪጠፋ አንድ ሁለት ሰዓት ይጠብቁ።

የሚደርቅበት ቦታ ጥላ፣ ከተቻለም ጨለም ያለ ክፍል ይሁን። በረንዳውን ይተዉት፤ ፀሐዩ ባይኖር እንኳ የመንገዱ አቧራና የመኪና ጭስ አለ። ወጥ ቤትም ሳሎንም አይሆንም። መድረቅ የጀመረ ቅጠል በዙሪያው ያለውን ሽታ ይስባል፤ የቁሌት፣ የዕጣንና የቡና ቁሌ ጭስ ከገባበት አይለቀውም። ብዙ ጊዜ የማይከፈት መኝታ ክፍል ወይም የዕቃ ክፍል ይሻላል፤ መስኮቱን በጨርቅ ይጋርዱት።

አሰጣጡ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፤ ቅጠሉንና የአበባውን ዘለላ ይለያዩ። ቅጠሉን ሰፌድ ላይ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሳይደራረብ ይዘርጉት። ሰፌዱን ከታችም አየር እንዲያገኝ በሁለት ወንበር ጠርዝ ላይ ያስቀምጡት። በመድኃኒት ያልተነከረ አጎበር ወጥረው ቢዘረጉበት ደግሞ ከሰፌድም ይሻላል። የአበባውን ዘለላ ከነዘንጉ ስድስት ስድስት፣ ቢበዛ ስምንት ስምንት አድርገው ብር በሚታሰርበት ላስቲክ ያስሩና ቁልቁል ይስቀሉት። በክር ቢታሰር ዘንጉ ሲደርቅ ይቀጥንና ይወድቃል፤ ላስቲኩ ግን አብሮ ይጠባል።

የመጀመሪያው ቀን ወሳኝ ነው። በሶብላ ከክብደቱ ከ85 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ ይህ ውሃ ቶሎ መውጣት ካልጀመረ ቅጠሉ ይጠቁራል። ቬንቲሌተር ካለዎት በዝቅተኛው ፍጥነት ወደ ግድግዳ አዙረው ይክፈቱት፤ ቅጠሉ ላይ በቀጥታ ከነፈሰ ዳሩ ቀድሞ ይደርቅና መሐሉ እርጥብ ይቀራል። ከሁለተኛው ቀን በኋላ አየሩ ብቻ ይበቃዋል። ሲያገላብጡም ሰፌዱን በቀስታ ነቅነቅ ያድርጉት እንጂ በእጅ አያምሱት፤ ከረጢቶቹን ያስታውሱ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወራት ቅጠሉ ከአራት እስከ ስድስት ቀን፣ ዘለላው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ትኩስ ቅጠል ደርቆ ከ120 እስከ 170 ግራም ቢወጣው አይደንግጡ።

የሻጋታዎ ምክንያት ያ ዘለላ ነው። ቅጠሉ በሦስት ቀን ይፈረፈራል፤ በአበባዎቹ መሐል የሚያልፈው ዘንግ ግን ገና ውሃ ይዟል። ሲከደን ያ ውሃ ወደ ደረቁ ቅጠል ይመለሳል፣ ፕላስቲኩ ያፍነዋል፣ ሻጋታው ከመሐል ይነሣል። የኮሰረት ቅጠል ጠንከር ያለ ነው፤ ውሃውም ያንሳል፤ ስለዚህ ተረፈልዎ። ስለዚህ መድረቁን ለማወቅ ቅጠሉን አይፈርፍሩ፤ በጣም ወፍራሙን ዘለላ መሐሉ ላይ ይስበሩት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፤ ከታጠፈ ወይም በክር የተያያዘ ከመሰለ አልደረሰም። የወጥ ቤት ሚዛን ካለዎት ይመዝኑት፤ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ክብደቱ ካልቀነሰ በቃው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ማሳረፍ ነው። ቅጠሉን ሳይፈጩ፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የመስታወት ማሰሮ እስከ ሁለት ሦስተኛው ሞልተው ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡት። በማግስቱ ይዩት። መስታወቱ ካላበው፣ ወይም ይፈረፈር የነበረው ቅጠል ከለሰለሰ፣ ያለ ማመንታት ወደ ሰፌዱ ይመልሱትና አንድ ቀን ይጨምሩለት። ደህና ከሆነ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ ከፍተው ነቅነቅ ያድርጉት። እርጥበት የሚለካ ትንሽ ሃይግሮሜትር ማሰሮው ውስጥ ቢያኖሩ ግምት ይቀርልዎታል፤ ከ50 እስከ 60 በመቶ ጥሩ ነው፤ 65 ካለፈ መልሰው ያስጡት። ማሳረፍ በቅጠሉና በዘንጉ መካከል ያለውን እርጥበት ያስተካክላል፤ ፀሐይ የወሰደውን መዓዛ ግን አይመልስም።

ፕላስቲክና ፌስታል ለጥቂት ቀን ካልሆነ አይሁን፤ መዓዛው በስሱ ፕላስቲክ ውስጥ ሰርጎ ይወጣል። ማሰሮውን ከምድጃ በላይም ሆነ ፍሪጅ አናት ላይ አያስቀምጡ፤ ሁለቱም ሙቅ ናቸው። ድስት ሲፈላም በእንፋሎቱ ላይ ከፍተው አይነስንሱ፤ በማንኪያ ራቅ ብለው ይቅዱ። እንዲህ የተቀመጠ እስከ ዓመት ድረስ ይሠራል፤ ምርጡ ግን የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባያደርቁ እመርጣለሁ። አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ቅጠሉ ስንት ቀን ቢሰጣ በሚገባ አይደርቅም። ግድ ከሆነ ሁለት ቀን በአየር አጠውልገው በኦቨን ይጨርሱት፤ በሩ ገርበብ ይበል፣ ቴርሞሜትሩም 40ን አይለፍ። የብዙ ኦቨን ዝቅተኛው ቁጥር 50 ስለሆነ እያበሩ እያጠፉ መጠበቅ ይኖርብዎታል። የእንጀራ ምጣድ ላይ በጭራሽ አይሞክሩት። ኮረሪማና አዝሙድ መታመስ ይችላሉ፤ ቅጠል አይችልም።

ጦስኝም ሲያገኙ በዚሁ መንገድ ያድርቁት፤ ቅጠሉ ትንሽና ውሃው ጥቂት ስለሆነ ከነዘንጉ በሦስት አራት ቀን ይደርሳል፤ የሚሸለቀቀውም ከደረቀ በኋላ ነው።

ለቅቤ ሲሆን ኮሰረቱንና በሶብላውን ከመጀመሪያው አያፍሉት። አረፋው ተገፎ ቅቤው ሲጠራ እሳቱን ቀንሰው ያስገቡት፤ ለጥቂት ደቂቃ ካቆዩት በኋላ አውርደው ከድነው ይተዉትና ለብ ሲል ያጥልሉት። ለበርበሬ ደግሞ ወፍጮ ቤት ከሌላው ጋር አይላኩት፤ ወፍጮው ስለሚግል ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቁት መዓዛ እዚያው ይቀራል። በርበሬው ተፈጭቶ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ በሶብላውን በትንሿ የኤሌክትሪክ መፍጫ አሥር አሥር ሰከንድ እያሳረፉ ይፍጩት፣ በወንፊት ይንፉትና ይቀላቅሉ።