ለሳኝ ከመጥራትሽ በፊት

ሰላም እህቴ። «ቀበና ያለው የእናቴ የጭቃ ቤት ግድግዳው ከታች እየረጠበ ይፈረፈራል፤ ክረምት ሳይገባ በሲሚንቶ ላስለስነው? ጥሩ ለሳኝ ጠቁሙኝ» ብለሻል። እኔ ለሳኝ አልጠቁምሽም። ሌሎቹ ስልክ ቁጥር ደርድረውልሻል፤ ውሃው ከየት መጣ ብሎ የጠየቀሽ ግን አንድም የለም። እኔም የምኖረው አራዳ፣ አባታችን በሠሩት የጭቃ ቤት ነው፤ ያንቺን ግድግዳ ሳላየው አውቀዋለሁ።

1. ሲሚንቶ አታስነኪው። ጭቃ ከመሬት እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ደግሞ በፊቱ በኩል መልሶ ያወጣዋል። በሲሚንቶ ስትደፍኚው መውጫ ያጣና ውስጥ ያለውን ባሕር ዛፍ ያበሰብሰዋል። ከውጭ ሲታይ ቤቱ ያማረ ነው፤ ተንኮሉም እሱ ነው። የእህቴ ባል ያመጣልን ለሳኝ የዶሮ ሽቦ በሚስማር መትቶ፣ በሲሚንቶ ለስኖ፣ ኳርትዝ የሚባለውን ቀለም ቀብቶ አስረከበን። ጎረቤቱ ሁሉ «ቪላ አደረጋችሁት» አለን። በሁለተኛው ክረምት ከአልጋው ራስጌ በኩል ግድግዳው ሆዱን ነፋ። ስታንኳኪው ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ልስኑ እንደ ድርቆሽ እየተሰባበረ ሲወርድ ቋሚዎቹ ታዩ፤ የሽንኩርት ቢላዋ ብሰካበት እስከ እጀታው ገባ። ምስጡም መንገዱን ሠርቶ ወደ ኮርኒሱ እየወጣ ነበር። ለሳኙን ብጠራው ምን አለኝ? «እኔ የተዋዋልኩት ልስን ነው፤ እንጨቱን እግዜር ያውቃል።»

2. ውሃውን ፈልጊ። የድሮ ቤት ሲሠራ ወለሉ ከግቢው ከፍ ይል ነበር። ከዚያ ግቢው ሊሾ ተደረገ፣ በላዩ ሌላ ሊሾ ተጨመረ፣ መንገዱ ኮብልስቶን ተነጠፈበት፤ ቤቱ ሳይንቀሳቀስ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። እኛ ከግድግዳው ሥር ያለውን ሊሾ አስፈንቅለን ቦይ አወጣንለት፣ ጠጠር ሞላንበት። የጣውላ ወለል ካላችሁ ደግሞ ከሥሩ የነበሩት የአየር ቀዳዳዎች ተደፍነው እንደሆነ እዪ። አሸንዳው ከተቀደደ ከሱ ጀምሪ። ቆርቆሮ ስትገዢ የጌጁ ቁጥር ባነሰ ቁጥር ቆርቆሮው ይወፍራል፤ የ28 ከፍለሽ 32 እንዳይጭኑልሽ።

3. ፈቃድ። ደሜን የሚያፈላው እሱ ነው። የኛ ቤት በ1967ቱ አዋጅ ከመወረስ የተረፈ የግል ቤት ነው፤ ካርታ አለው፣ ግብሩም ይከፈላል። (የቀበሌ ቤት ቢሆን ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ አካሄዱ ሌላ ነው፤ የናትሽ የግል ነው ብዬ ይዣለሁ።) የጥገና ፈቃድ ልጠይቅ ቢሮ ስሄድ ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ሲስተም የለም» ትለኛለች። ሲስተሙ ሲመጣ እሷ ስብሰባ ትገባለች። እኔስ ጡረተኛ ነኝ፤ ከሥራው አስፈቅዶ የሚመጣው ምን ይሁን? ከስንት መከራ በኋላ የወጣው ወረቀት «የግድግዳ ጥገና» ይላል፣ በቃ። የበሰበሱትን ቋሚዎች ለመቀየር ጭቃውን ስናፈርስ ደንብ አስከባሪዎች ከተፍ አሉ። «ይሄ አዲስ ግንባታ እንጂ ጥገና አይደለም» ብለው አካፋና ዶማችንን ጭነው ሄዱ። ወረቀቱን ባሳያቸው «ቋሚ መቀየር የሚል የታለ?» እንግዲህ አንቺ ማመልከቻሽ ላይ አንድ በአንድ ዘርዝሪ፦ ቋሚ መቀየር፣ ምርጊት፣ ቆርቆሮ፣ አሸንዳ፣ ቦይ። ፈቃዱም እነዚሁኑ ቃላት ይዞ እንዲወጣ ቆመሽ አስጽፊ። ምንም ሳይነካ በፊት ግድግዳውን በሁሉም በኩል ፎቶ አንሺው። አካባቢው መልሶ ማልማት ውስጥ መግባት አለመግባቱንም እግረ መንገድሽን ጠይቂ፤ በ2016 ፒያሳ ላይ ስንት ቤት እንደፈረሰ ሁላችንም አይተናል።

4. ጭቃ የሚያውቅ ሰው። እኛ ያገኘናቸው ከሽሮ ሜዳ በላይ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸው። የጤፍ ጭድ እየነሰነሱ ጭቃውን በእግራቸው አስረገጡት፣ እየገለበጡ ውሃ እያጠጡ እስኪሸት አቆዩት። የልጅ ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው ነበር የሚያልፉት። «ካልሸተተ አይዝም» አሉኝ። ጣሪያውን በድጋፍ አስይዘው ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ቀየሩ፤ አንዱ ሳይጠና ሌላው አይነቀልም። የአዲሶቹን ሥር በተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት፣ ለምስጥ ነው። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ስንጥቅጥቅ ሲል ጮህኩባቸው፤ ሳቁብኝ። ለካ ሁለተኛው የሚነክሰው ያንን ስንጥቅ ኖሯል! በመጨረሻ ኖራ አስቀባን። ያ ለሳኝ ያበላሸው ግድግዳ ዛሬ እጅሽን ብታስደግፊበት ደረቅ ነው፤ ማየት ከፈለግሽ ነይ፣ ቡና አለ።

የሳቸውን ሒሳብ በቀን ነበር የምከፍለው። በቁርጥ የያዘ ሰው ጭቃው እስኪሸት አይጠብቅልሽም።

አሁን ደግሞ ክረምቱ ደጃፍ ላይ ስለሆነ ምርጊት አትጀምሪ፣ አይደርቅልሽም። ለዘንድሮ ቆርቆሮውን፣ አሸንዳውንና ቦዩን ብቻ ጨርሺ፤ ግድግዳውን ጥቅምት ላይ ክፈቺው። ያኔ ግድግዳው ክፍት እያለ የመብራት መስመሩንም አብረሽ አስቀይሪ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይስባል፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር መሆኑ ነው፤ የድሮው ቀጭን ሽቦ ይሄን አይችለውም። ለምጣዱ ከቆጣሪው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይውጣለት። ባልቦላ በተቃጠለ ቁጥር የመዳብ ክር ጠምዝዞ የሚያስገባ «ኤሌክትሪሻን» ሰፈራችሁ ካለ ከበር መልሺው።