ዋጋው ቀነስ ያለ ሱፐርማርኬት መሀል ከተማ እንዲከፈት ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዳውንታውን አጠገብ ነው። በእግር የምንደርስባቸው ሱፐርማርኬቶች ዋጋቸው አልቀመስ ብሎናል። አልዲ ወይም ሊድል ወደሚባሉት ርካሽ ሱፐርማርኬቶች ለመሄድ ሁለት አውቶቡስ እንይዛለን፤ ስንመለስ ደግሞ ሸክሙ አለ። ጎረቤቶቻችን ፊርማ አሰባስበው ለአንዱ ኩባንያ ቢልኩም መልስ አልመጣም። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ፊርማው ከንቱ አይደለም፤ ብቻውን መሄዱ ነው ችግሩ። እነዚህ ኩባንያዎች የሚመጡት የሚስማማቸው ቦታ ሲቀርብላቸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሕንፃ ፈልጉ።

አልዲ የሚፈልገውን ቦታ ልክ በይፋ ያስታውቃል፦ 22,000 ስኩዌር ፊት ገደማ ሕንፃ፣ ወደ 90 የሚጠጋ መኪና ማቆሚያ፣ በ3 ማይል ዙሪያ ከ35,000 በላይ ነዋሪ፣ በቀን ከ20,000 በላይ መኪና የሚያልፍበት መንገድ። ነዋሪውስ መሀል ከተማ ሞልቷል። የሚቸግረው ሕንፃው ነው፤ የቢሮ ግራውንድ ፍሎር መሀሉን ሊፍትና መግቢያ አዳራሽ ስለሚቆርጠው ሰፊ ወለል አይወጣውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሰናክለው ግን ዕቃ ማራገፊያው ነው። ርካሽ ሱቅ ርካሽ የሚሆነው ዕቃውን ብዙ እጅ ስለማይነካው ነው። ሸቀጡ በፓሌት (ዕቃ በሚደረደርበት የእንጨት መደብ) እንዳለ ከመኪና ይወርዳል፤ ካርቶኑ ፊቱ ተቀዶ እንዳለ ይደረደራል። የተለመደው ፓሌት 40 በ48 ኢንች ነው፤ የሚያመጣው ተሳቢ 53 ፊት ይደርሳል። ተሳቢው ወደ ኋላ የሚጠጋበት ከሌለ፣ ወይም ከማራገፊያው እስከ መሸጫው ሁለት ደረጃ እንኳ ካለ፣ ሠራተኛ በእጅ ማመላለስ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ቅናሹ እዚያው ያልቃል። ክፍት ቦታ ስታገኙ የፊቱን መስታወት ተዉትና መጀመሪያ የጓሮውን መተላለፊያ በሜትር ለኩ።

ጊዜው ይረዳችኋል፤ ባዶ የቀሩ ቢሮዎች ወደ መኖሪያ እየተቀየሩ ነው። ማራገፊያና ያልተከፋፈለ ወለል መጠየቅ ያለባችሁ ንድፉ ሳይጸድቅ ነው፤ ከጸደቀ በኋላ ቦታው ለካፌና ለጂም ተሸንሽኖ ያልቃል። ጥያቄውን ኤ ኤን ሲ በሚባለው የአካባቢ አማካሪ ኮሚሽን ስብሰባ ላይ አቅርቡ። እያንዳንዱ ኮሚሽነር ወደ 2,000 ነዋሪ ይወክላል፤ ኮሚሽኑ በጽሑፍ ለሚሰጠው አቋም የከተማው መሥሪያ ቤቶች ትልቅ ክብደት እንዲሰጡ ሕጉ ያስገድዳል።

ደብዳቤው ለሕንፃው ባለቤትና ለኩባንያው የሪል ስቴት ክፍል ይሂድ፤ ደንበኞች አገልግሎት ጋ ከደረሰ እዚያው ይቀራል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ አድራሻ፣ የወለል ስፋት፣ የማራገፊያው ሁኔታ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ በዙሪያው ያለው የቤተሰብ ብዛት። ፊርማውን ከዚህ ጋር አያይዙት። ከፊርማው የበለጠ የሚናገረው ግን ደረሰኝ ነው። 40 ቤተሰብ የአንድ ሳምንት የአስቤዛ ደረሰኝ ያጠራቅም፤ ስምና የካርድ ቁጥር ሸፍናችሁ ድምሩንና የተገዛበትን ሰፈር በሰንጠረዥ አስቀምጡ። ከሰፈሩ ወጥቶ የሚሄደው ገንዘብ በዶላር ሲታይ ሻጭ ዝም ብሎ አያልፈውም። በፉድ ስታምፕ (በመንግሥት የምግብ ድጎማ) የሚገዛውንም ለይታችሁ ጻፉ።

ቀድሞ ሱፐርማርኬት የነበረበት ቤት ካገኛችሁ የይዞታ ሰነዱን አስመርምሩ። የለቀቀው ድርጅት ሌላ ምግብ ሻጭ እንዳይገባበት ክልከላ አስመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ዲሲ ይህን የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥታለች፤ ከዚያ በፊት የተመዘገበ ከሆነ ግን ጠበቃ ይየው።

ቶሎ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። ደቡብ ምሥራቅ ዲሲ ስካይላንድ ላይ ዎልማርት እ.ኤ.አ. በ2016 ሱቅ አልከፍትም ካለ በኋላ ሊድል በሩን የከፈተው በሴፕቴምበር 2022 ነው። ነዋሪው እነዚያን ዓመታት ሁሉ መጠየቁን አላቆመም።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ሱቅ ቢመጣ የሰፈራችን የሀበሻ ሱቅ አይዘጋም?

መልስ፦ አልዲ የሚይዘው የሸቀጥ ዓይነት ጥቂት ነው፤ አብዛኛውም በራሱ ስም የታሸገ ነው። በርበሬ፣ ሽሮና ኮሰረት ፍለጋ እዚያ የሚሄድ የለም። የሚጎዳው የሽንኩርት፣ የዘይትና የእንቁላል ሽያጭ ነው። ባለሱቁ በእነዚህ ዋጋ ከመፎካከር ይልቅ ትኩስ እንጀራ የሚገባበትን ቀንና ሰዓት በሩ ላይ ቢለጥፍ ይበጀዋል።