«ታያለሽ እኮ!» ለሚሉሽ የሚጻፍ ደብዳቤ

የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከአንዲት ተማሪ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግና ፋይናንስ ተማሪ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማየት አቅሜ ዝቅተኛ ነው። ዓይነ ስውር አይደለሁም፤ መነጽርም ብዙ አይረዳኝም። ፊደሉ ጎላ ካለ ወረቀቱን አስጠግቼ አነባለሁ። ለአጋማሽ ፈተና ጥያቄው በትልቅ ፊደል እንዲታተምልኝና ትንሽ ሰዓት እንዲጨመርልኝ መምህሩን ጠየቅሁት። 'እሺ፣ ችግር የለም' አለኝ። በፈተናው ቀን ግን ለሁሉም የታደለውን ወረቀት ሰጠኝ። ሳስታውሰው፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ 'ታያለሽ እኮ! ስልክ ስትነካኪ አይቼሻለሁ' አለኝ። ከ40 ያመጣሁት 11 ነው። የዲፓርትመንት ኃላፊው ጋ ስሄድ ደግሞ 'ይሄ የቁጥር ሥራ ነው፣ ሌላ ዲፓርትመንት ብትቀይሪ ይሻልሻል' አሉኝ። ጓደኞቼ ክሰሺ ይሉኛል። እናቴ ዝም ብለሽ ተመረቂ ትለኛለች። ከከሰስኩ ጥርስ ይነከስብኛል ብዬ ፈራሁ። ለሥራስ የድጋፍ ደብዳቤ ማን ይጽፍልኛል? ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ እናትሽም ጓደኞችሽም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። እናትሽ ተማሪ ከመምህር ጋር ሲካረር ማን እንደሚጎዳ ያውቃሉ። ጓደኞችሽ ደግሞ ዝም ካልሽ በማጠቃለያ ፈተናውም ያንኑ ወረቀት እንደምትታደዪ ገብቷቸዋል። የሁለቱም ስህተት አንድ ነው። መክሰስ ሲባል የሚታያቸው ጠብ ነው። እኔ አንድ ገጽ ደብዳቤ እንድትጽፊ ነው የምፈልገው። ስሜትሽን ሳይሆን ጥያቄሽን የያዘ፣ ማህተም ያረፈበት አንድ ገጽ።

በደል ደርሶብሻል፤ እሱ ላይ አንከራከርም። ግን የጠየቅሽው በቃል ነው። በእኛ አገር «እሺ» አንዳንዴ «ሰምቼሻለሁ፣ አሁን ልሂድበት» ማለት ነው። መምህሩ ነገ «አልጠየቀችኝም» ቢል በእጅሽ ምን አለ? ምንም። የእንዲህ ዓይነት አቤቱታ ክብደት የሚወሰነው ከበደሉ በፊት፣ በጠየቅሽበት ቀን ነው። ጥያቄሽ በጽሑፍ ካለ፣ እምቢታውም ዝምታውም ማስረጃ ይሆንልሻል።

ከዓመታት በፊት የማውቀው አንድ ልጅ ነበር፤ በዊልቸር የሚሄድ። ትምህርቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጓደኞቹ እየተሸከሙ አወጡት። ሁለት ዓመት ሙሉም ላገኘው ኃላፊ ሁሉ ያማርር ነበር። ሁሉም ያዝንለታል፣ «እናያለን» ይለዋል። በመጨረሻ አንዲት ጸሐፊ «ለምን አትጽፍም?» አለችው። «ክፍላችን ወደ ምድር ቤት እንዲዛወር እጠይቃለሁ» የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት አስገባ። በዘጠነኛው ቀን ክፍሉ ተቀየረ። ኃላፊዎቹ በድንገት ደግ ሆነው አይመስለኝም። ቁጥር የተሰጠው ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ሲያርፍ መልስ ይጠበቅባቸዋል።

ሕጉን ጠበቃ ለመሆን ያህል ማወቅ አያስፈልግሽም። የምትይዣት ግን አለች። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(4) ላይ፣ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ስምምነቱ በአንቀጽ 24 ላይ ከፍተኛ ትምህርትን በስሙ ይጠራል። ለአንቺ የምትጠቅመው ግን አንቀጽ 2 ናት። ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም እንደ ትልቅ ፊደልና ተጨማሪ ሰዓት ያለውን ማስተካከያ፣ መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ትላለች። ምን ማለት ነው? የመምህሩን ልብ መመርመር የለብሽም። ጠላኝ፣ ናቀኝ ብለሽ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። የሚያስፈልግሽን ጠየቅሽ፣ ሊደረግ የሚችል ነገር ነበር፣ አልተደረገም። ይበቃል።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጁም አለ። የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 650 የፈተና ሰዓት መጨመርንና አማራጭ የፈተና መንገድን በግልጽ ጽፎ ነበር። አሁን በእሱ ቦታ የተተካው ቁጥር 1152/2011 ስለሆነ፣ ስለ ተማሪዎች የሚናገረውን ክፍል አውጥተሽ አንቢው፤ የሚመለከትሽን አንቀጽ ቃል በቃል ገልብጪ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እነዚህ ድንጋጌዎች «በተቻለ መጠን»፣ «አቅም በፈቀደ» የምትል ነገር አትጠፋባቸውም። ተቋማት ሹልክ የሚሉት በዚህች ቀዳዳ ነው። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ደብዳቤው። መጀመሪያ የዓይን ሐኪም ጋ ሂጂ። የሕመሙ ስም ብቻ የተጻፈበት ወረቀት አይረዳሽም፤ የዲፓርትመንት ኃላፊ የላቲን ስም አይገባውም። ሐኪሙን እንዲህ በዪው፦ «ምን ያህል ጎልቶ ሲጻፍ ማንበብ እንደምችል፣ ለማንበብ ከሌላው ሰው ምን ያህል የበለጠ ጊዜ እንደሚወስድብኝ ይጻፍልኝ።» ይህች ዓረፍተ ነገር «ታያለሽ እኮ» የሚለውን ትዘጋለች። ስልክ ስለምትነኪ ታያለሽ የሚል ሰው፣ ስልክ ላይ ፊደል በሁለት ጣት እንደሚጎላ ረስቷል። ወረቀት አይጎላም።

ደብዳቤሽ ከሞላ ጎደል ይህን ይምሰል፦

«ለአካውንቲንግና ፋይናንስ ትምህርት ክፍል። ጉዳዩ፦ የአጋማሽ ፈተና እንዲደገምልኝ ስለመጠየቅ። የማየት አቅሜ ዝቅተኛ መሆኑን የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ፈተናው በ18 ነጥብ ፊደል እንዲታተምልኝና 30 ደቂቃ እንዲጨመርልኝ አስቀድሜ መምህሩን በቃል ብጠይቅም አልተደረገልኝም። ስለሆነም ፈተናው በዚህ ሁኔታ እንዲደገምልኝ፣ ቀጣይ ፈተናዎቼም እንዲሁ እንዲዘጋጁልኝ፣ ውሳኔውም በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

የፊደሉን መጠንና ደቂቃውን በሐኪሙ ወረቀት ልክ አስተካክዪው። ክፍል ውስጥ የተባልሽው ነገር እዚህ ውስጥ እንደሌለ አየሽ? አውቄ ነው የተውኩት። እሱን ከነቀኑና ከሰሙት ልጆች ስም ጋር ደብተርሽ ላይ ጻፊና አስቀምጪ። ጉዳዩ ከፍ ካለ ታወጪዋለሽ። መጀመሪያ ላይ ከገባ ግን ሰዎቹ ስለ ፈተናው መነጋገር ትተው መምህሩን መከላከል ይጀምራሉ። ስብሰባ ይጠራል፣ ይቅርታ ተባባሉ ይባላል፣ ሽማግሌ ይገባል። ዕርቁ ያምራል፤ 11 ግን 11 እንደሆነ ይቀራል።

ሁለት ኮፒ ይዘሽ መዝገብ ቤት ሂጂ። አንዱን ያስቀራሉ፤ ባንቺ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያሳርፉበታል። ከግርጌ ግልባጭ ጻፊበት፦ ለኮሌጁ ዲን፣ ለልዩ ፍላጎት ድጋፍ ማዕከል። ግልባጭን አትናቂያት። አለቃው እንዳየው የሚያውቅ ሰው መልስ ለመስጠት ይፈጥናል።

ስለ ድጋፍ ማዕከሉ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ተመዝግበሻል? ጥያቄሽ ላይ ስላልጠቀስሽው ያልተመዘገብሽ መሰለኝ። ዝቅተኛ እይታ ያላቸው ብዙ ልጆች «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ቃል እነሱን የሚመለከት አይመስላቸውም፤ ወይም ለሌላ ሰው መናገር ያሳፍራቸዋል። ይገባኛል። ግን ፋይል የሌለው ተማሪ በየሴሚስተሩ ለየመምህሩ እንደ አዲስ ሲለምን ይኖራል። ፋይል ካለሽ ለመምህራኑ የሚጽፈው ማዕከሉ ነው። በግቢሽ ማዕከል ከሌለ የተማሪዎች ዲን ጋ ሂጂ።

የውጤት ቅሬታ የጊዜ ገደብ አለው፤ በዩኒቨርሲቲሽ ሴኔት ሌጅስሌሽን (የውስጥ መተዳደሪያ ደንብ) ላይ ታገኚዋለሽ። ቀኑ አጭር ስለሚሆን ዛሬውኑ እዪው። ትምህርት ክፍሉ ካልመለሰልሽ ወደ ዲኑ፣ ከዚያ ወደ አካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት። ደረጃ አትዝለዪ። ከዘለልሽ «ወደሚመለከተው ክፍል» ተብሎ ወደ ታች ይመለሳል፤ አንቺም ሳምንታት ታጪያለሽ።

ግቢው በሙሉ እምቢ ካለስ? ሁለት በሮች አሉ። አንዱ የእንባ ጠባቂ ተቋም ነው፤ የአስተዳደር በደልን ያያል። ሌላው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነው። ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ለኮሚሽኑ አቤቱታ በቃልም ማቅረብ ይቻላል፤ መሄድ ካልቻልሽ ቤተሰብ ሊያቀርብልሽ ይችላል። ኮሚሽኑ መጀመሪያ የሚሞክረው ነገሩን በስምምነት መጨረስ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ፍርድ ቤት አስገድዶ አያስፈጽምም። ግን ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ግቢ ውስጥ ይሰማል። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን ኮሚሽኑ አይመረምርም። ስለዚህ ጓደኞችሽ «ክሰሺ» ሲሉ ፍርድ ቤት ማለታቸው ከሆነ፣ እሱን በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ አታስቢው።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ፣ ወደ ሒሳብ ሥራ ልምጣ። የዲፓርትመንት ኃላፊው ምክር አልተዋጠልኝም። የሒሳብ ሥራ በእጅ በሚጻፍ ትልልቅ መዝገብ ላይ በነበረበት ጊዜ ቢሆን ትንሽ እከራከራቸው ነበር። ዛሬ ግን ሥራው ስክሪን ላይ ነው። ኤክሴልን ወደ 200 በመቶ ታጎዪዋለሽ። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ፊደሉ አልጎላ ቢልሽ የዊንዶውስን ቁልፍና የመደመር ምልክቱን አንድ ላይ ተጫኚ፤ ማግኒፋየሩ ይከፈታል። ለዓይንሽ የሚከብደው ሥራው ሳይሆን መፈተኛው ወረቀት ነው። ሰው ሲያጽናናሽ የትነበርሽ ንጉሤን ይጠቅስልሻል፤ ዓይነ ስውር ሆና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኘች ሴት ናት። ትልቅ ሰው ናት። ግን ባለ 18 ነጥብ ወረቀት ለማግኘት ጀግና መሆን ግዴታ መሆን የለበትም።

ዲፓርትመንት መቀየር ከፈለግሽ አንቺ ስለፈለግሽ ይሁን። «ቀይሪ» ያሉሽ በቃል ስለሆነ፣ ቀንና ሰዓቱን ደብተርሽ ላይ አስፍሪው።

የሚቀጥለው ዓመት የመውጫ ፈተናም አለብሽ። ከ2015 ጀምሮ ይህ ፈተና በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፤ ዲግሪውን ለማግኘት 50 በመቶ ያስፈልጋል። ስክሪኑ እንዲጎላና ሰዓት እንዲጨመር የምትጠይቂው ፈተናው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው አይደለም፤ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ቀደም ብለሽ ነው። ያኔ «ከዚህ በፊት እንዲህ ተደርጎልኛል» ብለሽ የምታሳዪው ወረቀት ከዛሬው ደብዳቤ ይጀምራል። የአሁኑን እንዳትተዪው የምጨቀጭቅሽ በዋናነት ለዚህ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤውን በተመለከተ፣ ከዚህ መምህር ባትጠይቂ ምን ይቀርብሻል? የሚያውቅሽ፣ ሥራሽን ያየ ሌላ መምህር ይበቃል። ቀጣሪ የሚያየው ዲግሪሽን፣ ትራንስክሪፕትሽንና የመውጫ ፈተና ውጤትሽን ነው። የአቤቱታ ፋይል ከትራንስክሪፕት ጋር አብሮ አይላክም። ጥርስ የሚነክስ ሰው ሊኖር ይችላል፤ አይኖርም ብዬ አልዋሽሽም። ባለ ማህተም ወረቀት የያዘችን ተማሪ ውጤት መንካት ግን ለእሱም ያስፈራል።

ሥራ ፍለጋ ስትገቢ አዋጅ ቁጥር 568/2000ን ፈልገሽ አንቢ። አካል ጉዳተኛ አመልካች ከሌሎች ጋር እኩል ወይም የተቀራረበ ውጤት ካመጣ ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዛል። አድልዎ ተፈጸመብኝ ብለሽ ብትከሺም የማስረዳቱ ሸክም በቀጣሪው ላይ ነው። ማስታወቂያ ሁሉ ሥር «ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ» ተብሎ የሚለጠፈው ለጌጥ ይመስላል። ከጀርባው ግን ሕግ አለ።

«አቅም በፈቀደ» ወደምትለዋ ቀዳዳ እመለሳለሁ ብዬሽ ነበር። ደብዳቤሽን ልታባዢ ፎቶ ኮፒ ቤት ስትገቢ፣ አንድ የፈተና ወረቀት ከኤ4 ወደ ኤ3 ለማጉላት ስንት ብር እንደሚያስከፍሉ ጠይቂያቸው። ዋጋውን ደብዳቤሽ ላይ ጨምሪው።